ከልጆች ጋር የዘር ሐረግ ግድግዳ ላይ መሥራት፦ ሰባት ስም ይበቃል ወይ?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ያነሣችው አዲስ አበባ፣ ቡልቡላ አካባቢ ተከራይታ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጆቿ ዐሥርና ሰባት ዓመታቸው ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሏል፣ እነሱም ከስልክ አልነቀል ብለዋል። እናም እስከ እንቁጣጣሽ የሚያቆያቸው ሥራ አሰበች፦ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በትልቅ ወረቀት ሠርቶ ሳሎን መስቀል፤ የባለቤቷ አባት ለበዓል ሲመጡ እንዲያዩት። ሽማግሌው በስልክ እስከ ሰባት ቤት ሳያቋርጡ ቆጥረውላት ጽፋዋለች። የጠየቀችው ቀላል ነገር ነበር፦ ልጆቹ ከታች ይሁኑ ከላይ፣ ፎቶ ይለጠፍ ወይስ ፊታቸው ይሳል፣ ወረቀቱስ ምን ዓይነት ይሁን። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር አከለች፤ ሰባቱ ስም ከተጻፈ ዋናው ሥራ እንዳለቀ፣ ሰባት ቤት የቆጠረ ልጅ ማንነቱን እንዳወቀ፣ የቀረው ሁሉ ጌጥ እንደሆነ። ውይይቱን ከአርባ መልስ በላይ ያስኬደው ጥያቄዋ ሳይሆን ይህ አባባሏ ነው።

1ኛዋ መላሽ የሐዋሳ እናት ናት። እግዜር ይስጥሽ ብላ ጀምራ፣ ልጆቹ ግንዱ ላይ፣ እናትና አባት ቅርንጫፉ ላይ፣ አያቶች ከዚያ በላይ ቢሆኑ ለዐይን እንደሚያምር ተናገረች። 2ኛው በትሕትና ተቃወማት፤ ሥር የሚሆኑት አባቶች ናቸው፣ ልጅ ደግሞ ፍሬ ነው፣ ልጁን መሬት ላይ ተክሎ አያቱን ጫፍ ላይ መስቀል ነገሩን መገልበጥ ነው አለ። 3ኛው ሁለቱንም አልተቀበለም። የእሱ ልጆች ኮንዶሚኒየም ሥለዋል፤ እያንዳንዱ ትውልድ አንድ ፎቅ ተሰጥቶታል፣ ልጆቹ ራሳቸውን ምድር ቤት ያደረጉት ሊፍቱ ስለማይሠራ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ተሳቀ፣ ጥያቄውም ሳይመለስ ታለፈ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ልጁ ራሱን የትም ያድርግ፤ ከራሱ መጀመሩ ነው ቁም ነገሩ።

4ኛዋ ይህንኑ ነው ያለችው፣ ግን የሥራውን ዘዴ ጨምራ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንደኛ ደረጃ የምታስተምር መምህርት ናት፤ በዚህ ውይይት ላይ እንደ እሷ የጠቀመ ሰው ያለ አይመስለኝም። ትልቁ ወረቀት ላይ በቀጥታ አትጻፉ ነው ምክሯ። ለእያንዳንዱ ሰው የመጫወቻ ካርታ የሚያህል ካርድ ከጠንካራ ወረቀት ይቆረጥና ስሙ፣ የትውልድ ቦታው፣ ከታወቀም ዘመኑ ይጻፍበት። ካርዶቹ መሬት ላይ ተዘርግተው ልጆቹ እስኪስማሙ ድረስ ያዟዙሯቸው፤ ኮላ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቷ ግልጽ ነው፤ መሐል ላይ አንድ የተረሳ አጎት ይመጣል፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ መስመር ይበላሻል፣ ልጁም ያለቅሳል። በመስመር ፋንታ ክር ብትጠቀሙ ደግሞ መፍታትና መልሶ ማሰር ይቻላል።

ፎቶን በተመለከተ ጠበቅ ያለች ነበረች። ዋናው ፎቶ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጦ በስልክ ማንሣትና ፎቶ ቤት ወስዶ ቅጂውን ማሳጠብ ይበቃል። የሚያጣብቅ ገጽ ባለው አሮጌ አልበም ውስጥ ተጣብቆ የቀረውን ማንም እንዳይገነጥል፣ ከነገጹ እንዲነሣ አሳሰበች። ከፎቶ ጀርባ ስም የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ይወጣል። ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለም፣ ዱሮ ሰው ፎቶውን ለመታሰቢያ ሲሰጥ የሚጽፈውን ዓይነት፣ እሱም በስልክ ይነሣ፤ ብዙ ጊዜ ቀንና ቦታ የሚገኘው እዚያ ነው። ፎቶ የሌለውን ሰው የሰባት ዓመቷ ልጅ ትሣለው አለች፤ ባይመስልም ግድ የለም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በፍቅር ነበር። 5ኛዋ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ፣ ልጇን ኮምቦልቻ እናቷ ጋ ያስቀመጠች ሴት ናት። ጠያቂዋ የለጠፈችውን ዝርዝር ቆጥራ፣ ከሰባቱ አንድም ሴት እንደሌለበት፣ ጠያቂዋ ራሷ ሁለት ልጅ ወልዳ ወረቀቱ ላይ እንደሌለች፣ ሴት ሳይወልዳቸው ከሰማይ የወረዱ ሰባት ወንዶች አይታ እንደማታውቅ ጻፈች። ሰላምታም አልነበረው፣ ስንብትም። አነጋገሯ ስንቱን እንዳስከፋ ከሥሩ የመጣው ቁጣ ይናገራል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው፣ ስለዚህ አልተሰረዘም።

6ኛው የሒሳብ ሰው መሆን አለበት። ሳይቆጣ ቁጥሩን ብቻ አስቀመጠ። አንድ ልጅ ሁለት ወላጅ አለው፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት፣ ከዚያ 16፣ 32፣ 64፣ ሰባተኛው ላይ 128። ሲደመር 254 ሰው ይሆናል። ሰባት ቤት ቆጠርን ስንል ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱን ብቻ ነው የያዝነው ማለቱ ነው። በተግባር ግን አንድ አገር ሰው ከዘመድ ዘመዱ ጋር ስለሚጋባ ቁጥሩ እንደሚያንስ አስታውሶ፣ ግድግዳ ላይ ለመሥራት አራት ትውልድ፣ ማለትም 30 ካርድ እንደሚበቃ መከረ። ጠያቂዋ በኋላ የያዘችው ይህንን ነው።

7ኛው ተናደደ። ስማችን በአባት ይሄዳል፣ አያቶቻችን እንዲህ ነው ያስረከቡን፣ ይህን ለማፍረስ የሚጣደፉት ውጭ አገር የቆዩ ናቸው ብሎ 5ኛዋን አብሮ ወረፋት። ለዚህ መልስ የሰጡት 8ኛው ናቸው፣ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሽማግሌ፤ አጻጻፋቸው የዱሮ ደብዳቤ ይመስላል። ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን መልስ ነው።

እሳቸው እንዳስረዱት በጎጃም የዘር ቆጠራ ለወግ የሚደረግ አልነበረም፤ መሬት የሚበላበት ነበር። ርስት የሚጠየቀው መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አቅኚ አባት ጀምሮ እስከ ጠያቂው ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ በማሳየት ነው። የሚቆጠረውም በአባት ብቻ አይደለም። በእናት፣ በአባት እናት፣ በእናት እናት በኩል የሚመጣ ሰው እኩል ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ በመሐል ያለችውን ሴት ስም የዘነጋ ሰው በክርክሩ ይሸነፋል፣ መሬቱንም ያጣል። አባታቸው በእንዲህ ያለው ሙግት ላይ ትውልድ አዋቂ ተብለው እየተጠሩ ይመሰክሩ ነበር፤ የሴቶቹን ስም ከወንዶቹ ሳይለዩ ያወርዱት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ ርስቱ ቀረ፤ መሬት በገበሬ ማኅበር በኩል ለሚያርሰው ሲደለደል ትውልድ መቁጠርም እንጀራ አላበላም። የተረፈው ትምህርት ቤትና ቀበሌ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ስም ከነአባት ከነአያት ነው። እና 7ኛው የአያት ወግ ያለው ነገር፣ ቢያንስ በእሳቸው አገር፣ የአያት ሳይሆን የመዝገብ ቤት ወግ ነው ብለው ደመደሙ። 7ኛው ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ አልጻፈም፤ ሌላ ጉዳይ ላይ ግን ይመለሳል።

9ኛው ከጅግጅጋ ነው። በጨዋነት፣ በሶማሌ ቤት ልጅ ገና አፉን እንደፈታ የአባቶቹን ስም በቃሉ እንደሚያጠና፣ ዐሥር መቁጠር ብርቅ እንዳልሆነ፣ ግድግዳም ወረቀትም እንደማያስፈልገው ተናገረ፤ የሚቆጠረውም በአባት በኩል ነው። 10ኛዋ የአምቦ ልጅ በኦሮሞም በኩል እንዲሁ በአባት እንደሚቆጠር፣ ለጋብቻ ሲጠየቅ ግን የእናት ወገንም እንደሚታይ ጨመረች። በዚህ በር ወሬው ወደ ጋብቻ ገባ፤ 11ኛው ለሽምግልና ሄደው ቡና ላይ ሲጫወቱ የሙሽራው ቅድመ አያትና የሙሽሪት ቅድመ አያት እህትማማች ሆነው ስለተገኙ ሽማግሌዎቹ እንደ እንግዳ ጠጥተው እንደ ዘመድ ስለተመለሱበት ቀን ተረከ። ሙሽሮቹ ምን ሆኑ ብለው አራት ሰዎች ጠየቁት፤ አልመለሰም። 12ኛዋ የሕግ ባለሙያ ነች፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በሥጋ ዝምድና ጋብቻን የሚከለክለው ለወላጅና ተወላጅ፣ ለወንድምና እህት፣ ለአጎትና አክስት መሆኑን፣ ሰባት ቤት የሚባለው የልማድና የሃይማኖት እንጂ የዚህ ሕግ አለመሆኑን አስታወሰች። ለዚህም ሁለት ሰዎች ሰድበዋታል፤ ሕጉን እሷ ያወጣችው ይመስል።

13ኛው የሲልቨር ስፕሪንግ አባት ነው፤ ሜሪላንድ። ልጁ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሥራ ይዞ መጣ፤ ወረቀቱ ላይ ለቤተሰቡ አንድ ስም የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ነው ያለው። እናትየው በአባቷ ስም፣ አባት በአባቱ ስም፣ ልጆቹ ደግሞ በአባታቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም ሲቆጠር አስተማሪዋ የተፋቱ መስሏት በዘዴ ጠየቀች። የአባትየው ታናሽ ወንድም ደግሞ ወረቀቱን ሲሞላ የአያቱን ስም መጨረሻ ላይ ስላደረገ የሁለት ወንድማማቾች ልጆች በፓስፖርት የማይዛመዱ ሆነዋል። ቤት ውስጥ ሲሠሩት ያንን ቦታ ትተው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስምና የአባቱን ስም ብቻ ጻፉ፣ የቀረውን ክሩ ያሳያል። ሌላም ነገር አነሣ፤ በስደት በኩል የመጡት አክስቶቹና አጎቶቹ ሁሉ በወረቀት የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ቀን ነው፣ ቀኑን የማያውቅ ሰው ሲመዘገብ እንደዚያ ስለሚሞላ። ልጁ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን እንዴት ተወለደ ብሎ አስቆታል፣ ቆይቶም አሳስቦታል።

ከ14ኛው እስከ 17ኛው ያለው ስለ ዘመን ነው። 14ኛው የአዳማ ወጣት የቅድመ አያቱን እናት ከብት ባለቀበት ዘመን ተወለደች ስለሚባል 1911 ዓ.ም. ብሎ ካርዷ ላይ ጽፏል። 15ኛው አረመው፤ በ1911 ኅዳር የገባው የሰው በሽታ ነው፣ በዓለም ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናጥንበትም ልማድ ከዚያ ጋር የሚያያዝ። ከብት ያለቀው ክፉ ቀን በተባለው ረኀብ ነው፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ። በሁለቱ መካከል ሠላሳ ዓመት ገደማ አለ፤ ሠላሳ ዓመት ደግሞ አንድ ትውልድ ስለሆነ ወጣቱ መሐል ላይ አንድ ሰው ዘሎ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ አመስግኖ ሄዶ ሲጠይቅ በእርግጥም አንዲት ሴት ተዘላለች፤ ገና በወሊድ የሞተች፣ ልጇን አያትየው ያሳደገችላት፣ ልጁም አያቱን እናቴ እያለ ያደገ። ለዚህ ጥያቄ ያበቃው የዘመን ሒሳብ ነው፤ ያለዚያ ማንም አይነግረውም ነበር።

16ኛዋ ቀን ያጣ ሁሉ በታወቀ ነገር እንዲያሰላ መከረች፤ ከዐድዋ በፊት ወይስ በኋላ፣ ጣሊያን ሲገባ በ1928 ትራመድ ነበር ወይ፣ ሲወጣ በ1933 አግብታ ነበር ወይ፣ የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የመጀመሪያ ልጇ ስንት ዓመቱ ነው። ለውጭ አገር ልጆች ደግሞ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ፤ በእኛው ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ቀን ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስምንት ይጨመራል። 17ኛው ይህንንም ለማረም ሞክሮ ራሱ ታረመ፤ እዘለዋለሁ።

18ኛው ሲመጣ የውይይቱ ድምፅ ዝቅ አለ። እስራኤል፣ ነታንያ የሚኖር አባት ነው። እዚያ አገር ልጆች ሰባተኛ ክፍል አካባቢ፣ ባር ሚትስቫና ባት ሚትስቫ የሚባለውን የአይሁድ ወንድና ሴት ልጆች ለአቅመ ሃይማኖት የመድረስ በዓል በሚያደርጉበት ዕድሜ፣ ሾራሺም የሚባል የቤተሰብ ሥራ ከትምህርት ቤት ይሰጣቸዋል። ለእሱ ወገን ትውልድ መቁጠር አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤተ እስራኤል ለጋብቻ እስከ ሰባት ትውልድ ስለሚጠነቀቁ ሽማግሌዎቹ ቆጠራውን ያውቁታል። የተቸገሩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከጎንደር በእግር ሱዳን ገብቶ ኡም ራኩባ መጠለያ የከረመው በ1984 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አያትየውና ሁለት ሕፃናት ወንድሞቹ እዚያ ቀሩ። ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው የፎቶ ቦታ አለ፣ የእነሱ ፎቶ ግን የለም። ሕፃናቱን እንጻፍ አንጻፍ የሚለው ቤቱን ከፋፈለ፤ እናቱ ስማቸው እንዲነሣ አልፈለጉም። ሥራው የተሰጣት የእሱ ልጅ ግን አያቷን፣ የእሱን እናት፣ ለብቻቸው አነጋግራ ፈቃድ አገኘች፣ በፎቶው ቦታም የቀሩበትን ስፍራ ስም ጻፈች። የቀሩት ዘመዶች ካርድ ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ስም አለ፤ እዚያ ሲደርሱ የተሰጣቸው የዕብራይስጥ ስምና እናታቸው ያወጡላቸው። 19ኛው፣ 20ኛዋና 21ኛው የጻፉት ነፍስ ይማር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚባልም አልነበረም።

22ኛዋ ግን ዝም ያሉትን ሁሉ ነካች። ልጇን በጉዲፈቻ ያሳደገች እናት ናት። እስካሁን ሃያ አንድ ሰው ስለ ደምና ስለ ዘር ሲጽፍ አንድም ሰው ትዝ እንዳላላቸው፣ ልጇ ይህን ቢያነብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቦታ እንደሌለው እንደሚያስብ ነገረችን። የሕግ ባለሙያዋ ተመልሳ፣ ሕጉ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጥረው፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውንም ግንኙነት እንደማይቆርጠው አስረዳች፤ ስለዚህ ሁለት ክር ቢኖረው ሕጉም አይቃወምም። እናትየው የሠራችውም ይህንኑ ነው፣ የአንዱ ክር ቀለም ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ። የቀዩ ጫፍ ገና ባዶ ነው፤ ስም ሲገኝ ይሞላል።

ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ጠያቂዋ በ24ኛው መልስ ተመለሰች፣ የመጣችውም በጭንቅ ነው። ካርዱን ሲቆርጡ የዐሥር ዓመቱ ልጅ የአባቱን ሌላ ልጅ፣ ከጋብቻው በፊት የወለዳትን፣ የት እናድርጋት ብሎ ጠየቀ። እሷ ልጁ የሚያውቅ አልመሰላትም ነበር። ባልየው ዝም አለ። እንግዳ የሚገባበት ሳሎን ነው፤ ምን ላድርግ አለች።

25ኛው ገመና በግድግዳ አይሰቀልም አለ። 26ኛዋ ልጁ ካወቀ ገመናው ከግድግዳው ቀድሞ እንደተሰቀለ መለሰችለት። 27ኛዋ የሐዋሳዋ እናት ናት፤ ሥራው ለጊዜው በመኝታ ቤት ቢሆንስ ስትል አስታራቂ ሐሳብ አመጣች። 28ኛው ራሱ የአባቱ የሌላ ሴት ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ በአባቱ ቤት የተሰቀለ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ሳይኖር ያንን ሳሎን እየገባ ቡና መጠጣት ምን እንደሚመስል በአጭሩ ጻፈ። ከዚያ በኋላ 25ኛው አጥብቆ አልተከራከረም። 29ኛው ግን ጠያቂዋን በባሏ ያላገጠ ነገር ጽፎ በአወያዩ ተሰረዘ፤ ያየሁት ሰው ስለሆንኩ ልበል፣ መሰረዙ ትክክል ነበር።

ይህ ሳይበርድ 7ኛው ተመለሰ። አሁን የጠየቀው በየካርዱ ላይ ለምን ብሔር አይጻፍም የሚል ነው። ከ31ኛው እስከ 35ኛው ያለውን ብታነቡትም ባታነቡትም ለውጥ የለውም። ስለ ቀበሌ መታወቂያ፣ ስለ ቆጠራ፣ ማን ማንን እንደዋጠ፤ ዘር ሐረጉን ሁሉም ረሳው። ከዚህ ውስጥ ልብ የሚባለው የአምቦዋ ልጅ ያነሣችው ብቻ ይመስለኛል፤ አራቱ አያቶቿ ከሦስት ቦታ የመጡ ናቸው፣ በአባት ብቻ ስትቆጥር አንድ ነገር ትሆናለች፣ 30ውን ካርድ ስትዘረጋ ግን ያ አንድ ነገር የት እንደገባ ይጠፋባታል። 7ኛው ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ አወያዩም ጉዳዩን ዘጋው።

36ኛዋ የደብረ ብርሃኗ መምህርት ሁላችንንም ወደ ሥራው መለሰችን። የሴቶቹ ስም የሚጠፋው ሰው ስለማያውቅ ሳይሆን ስለማይጠየቅ ነው አለች። አያትን የእናትህ እናት ስም ማነው ብሎ በድንገት ቢጠይቋቸው ይደናገጣሉ፤ ብዙዎቹ የሚያውቋት በአክብሮት ስሟ ወይም በቤት ስሟ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን መዞር ነው፦ በልጅነትህ ማን አዝሎህ አደገ፣ ለሠርግህ ጠላውን ማን ጠመቀ፣ ክርስትና ያነሣህ ማነው፣ መጀመሪያ የቀበርከው ሰው ማን ነበር። ጠያቂው ልጁ ይሁን እንጂ አዋቂው አይሁን፤ ለልጅ ልጃቸው የሚናገሩትን ለምራታቸው አይናገሩም። ስልክ አስቀምጦ ድምፃቸውን መቅዳት፣ ስሙ ሲነሣ ማቋረጥ የለም።

12ኛዋ የሕግ ባለሙያ እዚህ ላይ አንድ ሰነድ ጠቆመች፤ ለእኔ አዲስ ነበር። ውርስ የተካፈለ ቤተሰብ ከፍርድ ቤት ያወጣው የወራሽነት ማስረጃ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። እዚያ ላይ የሟች ልጆች ወንዱም ሴቱም፣ ያገባችውም ያላገባችውም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም፣ ወራሽነታቸው የተረጋገጠ ሁሉ፣ በስማቸው ተዘርዝረዋል። 38ኛው ሌላ ጠቆመ፤ በቤተ ክርስቲያን ለሟች ጸሎት የሚያዘው በክርስትና ስም ስለሆነ፣ በዚያ የተጻፈው ስምና በቤት የሚታወቀው ስም አንድ ሰው መሆኑን ያላስተዋለ ሰው ሁለት ካርድ ያዘጋጃል። ከቅድመ አያት በላይ ያለው ምንጅላት፣ ከዚያ እንጅላት እያሉ የተከራከሩም ነበሩ፤ ቅደም ተከተሉ ከአገር አገር እንደሚለያይ ከክርክሩ ይታያል። ልጆች እነዚህን ስሞች ሲሰሙ መሳቅ ስለሚጀምሩ ለጨዋታ ጥሩ ናቸው።

የሪያዷም ተመለሰች፣ በዚህ ጊዜ ለስለስ ብላ። ልጇና እናቷ ኮምቦልቻ ላይ ካርዶቹን ሲደረድሩ በኢሞ እያየቻቸው እንዳመሸች፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ልጁ ግን እያንዳንዱን ካርድ ወደ ካሜራው እያስጠጋ እንዳሳያት፣ የእሷን ካርድ መሐል ላይ እንዳደረገው ጻፈች። 7ኛውን አልጠቀሰችውም።

በ40ኛው ላይ ጠያቂዋ ውጤቱን ነገረችን። ወረቀቱን ትታ አቡጀዲ ገዛች፤ ካርዶቹ የተያዙት በመርፌ ቁልፍ ነው፣ ክሩም ልጆቹ የጠቀለሉት የሹራብ ክር። የባለቤቷ አባት ለበዓሉ ሳይሆን ለሐኪም ቀጠሮ ቀድመው ስለመጡ ሥራው ሳያልቅ ደረሱበት። ሰባቱን ስም ፈለጉ፤ አራቱን አገኙ፣ ከጎናቸው ግን የተደረደሩ ባዶ ካርዶች አዩ። የሰባት ዓመቷ ልጅ ባዶዎቹ ሴቶቹ እንደሆኑ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው የእናታቸውን ስም ጻፉላት፣ የአያታቸውን ግን በቤት ስሟ እንጂ አያውቁትም። ደሴ ወዳለችው ታላቅ እህታቸው ደውለው የሁለቱንም ሴት አያቶቻቸውን ስም አገኙ፤ እህትየው ደግሞ ስሙን ነግራ አልዘጋችም፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ ማን ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር ሁሉ ስታወርድ የዐሥር ዓመቱ ልጅ ካርድ አነሰው። በጠያቂዋ በራሷ ወገን ያሉት ግን ገና ባዶ ናቸው፤ እናቷ ሞታለች፣ የምትጠይቀው ሰው አልቀረም። የአባትየውን ልጅ ካርድ ማን እንደጻፈው ጠየቅናት፤ ባለቤቷ ራሱ ነው፣ ሌሎቹ ሲተኙ። ጠዋት ልጁ አይቶ ምንም ሳይል ክር አሰረለት። ሽማግሌውም አይተዋል፤ የተናገሩት ነገር ካለ አልነገረችንም።

የደብረ ማርቆሱ ሽማግሌ በ41ኛው ላይ ረዥም ምርቃት ጻፉ። ከምርቃቱ በኋላ ግን ለጠያቂዋ አንድ ምክር አላቸው፦ የእናቷ የትውልድ መንደር ከታወቀ የእድር አዛውንቶችን፣ ወይም ሰንበቴ አብረዋት የጠጡትን ሴቶች ትጠይቅ፤ ዘመድ ያለቀበት ስም ጎረቤት አፍ ላይ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የቀረው የኪራይ ቤት ጣጣ ነው። አከራይዋ ሚስማር አይፈቅዱም፤ ፕላስተር ቢለጠፍ ደግሞ አዲሱን ቀለም ይዞ ይወርዳል። ስለ አከራዮች ባሕርይ ሰባት ያህል ሰው ብሶቱን አወጣ፣ ስለ ቀለም ዓይነትም ተነታረኩ። የሐዋሳዋ እናት ናት የፈታችው፤ አቡጀዲው ላይኛው ጠርዙ ታጥፎ ቢሰፋ የመጋረጃው ብረት ያልፍበታል፣ ግድግዳውም አይነካም። መጋረጃው ታዲያ የት ይሰቀላል ብሎ የጠየቀ ሰው አለ፤ እስካሁን የመለሰለት የለም።